የሊፖቬትስ ቅዳሴ የማን ነው

(ከጥቅሉ ላይ ያለ የሽፋን ወረቀት፤ ቪየና፣ ዲሴምበር 1786)

ሰርቄያለሁ። ይህን ቃል ስለ ራሴ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩትም። ቁጣዬን እናዘዛለሁ፤ በጾም የቀመስኩትን ቁራሽ ሥጋ እናዘዛለሁ፤ ሚስቴ ባርቦራ ስትሞት በፈጣሪ ላይ ማጉረምረሜን ደጋግሜ ተናዝዣለሁ። ይቺን ግን መንገድ ላይ እንዳለች ጉድጓድ ሁልጊዜ እዘላታለሁ።

እኔ ኦንድሬይ ማሬሽ በቪየና ኖታ ገልባጭ ነኝ። ሌላው የደረሰውን ሙዚቃ አጥርቼ እየገለበጥኩ በሉክ ወረቀት ቁጥር ተከፍሎኝ እኖራለሁ። በ1769 የጸደይ ወራት ከመንደሬ ከሊፖቬትስ ስወጣ፣ የአጎቴ ልጅ ጋሼ ፕሮኮፕ ቤራን፣ የመንደሩ አስተማሪና የመዘምራን መሪ፣ ራሳቸው የደረሱትን የልደት ቅዳሴ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ለሚያውቅ ሰው አሳይልኝ» አሉኝ፤ «አንድ ጊዜ ይስሙልኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም።» ኖታ ማንበብና መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

የተቀጠርኩበት የግልባጭ ሱቅ ባለቤት ግሩብማየር የፊተኛውን ገጽ አይቶ ሳቀ። «ቤራን ደግሞ ማነው? የቤራንን ቅዳሴ ማን ይገዛል? ሃይመራን ብለህ ጻፈው! ዛሬ ከተማው ሁሉ ሃይመራን ሃይመራን ነው የሚለው።» ሃይመራን የአንድ ልዑል የሙዚቃ አለቃ ነበር። ባርቦራ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሥራውን ከያዝኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። አዲስ የፊት ገጽ አወጣሁና ባማረ ጽሕፈት ሃይመራን ብዬ ጻፍኩ። ቅዳሴው ተሸጠ፤ እስከ ዛሬም ይሸጣል።

አሁን ከጋሼ ፕሮኮፕ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከዚህ ቀን ጀምሮ የእሳቸውን ደብዳቤዎችና የራሴን ግልባጮች እዚህ አኖራለሁ። የራሴን የማስቀምጠው ከትምክሕት አይደለም፤ የገልባጭ እጅ አንድን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ መጻፍ አይሆንለትም። ምን እንደማደርግ ገና አላውቅም።

*

ሊፖቬትስ፣ ከቅዱሳን ሁሉ በዓል በሦስተኛው ቀን፣ 1786

ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን።

ለአክስቴ ልጅ ለኦንድሬይ። ይህ ወረቀት ጭቃውን ተሻግሮ ከነጤናህ እንዲያገኝህ ቅዱስ ቬንሰስላስ መንገዱን ይጥረግለት። እኔና ሉድሚላ አለን። ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ከደመናው ቀድሞ ይነግረኛል። ዝይዎቹ ወፍረዋል። በሙታን ቀን ለባርቦራህ ሻማ አብርተንላታል፤ ሉድሚላ ስሟን ጠርታ አልቅሳለች። ሰላምታው በዚህ ይብቃኝ፤ ደሜ ፈልቷል።

አዲስ ቄስ መጥቶልናል፣ አባ ታዴያስ የሚባል፣ ከፕራግ። ጢሙ ገና አላበቀለም፤ ላስተምረው የሚገባ ልጅ ነው። ለልደት የሚዘመር «ደህና ቅዳሴ» ከቪየና አስመጣ። የእኛው አልበቃውም ማለት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ዕቃ ቤት ጠራኝ።

«መምህር ቤራን፣ በየዓመቱ ለልደት የሚያስዘምሩት ቅዳሴ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ አባ። በሺህ ሰባት መቶ ስድሳ ስድስት የደረስኩት።»

«የእርስዎ!» አለና የኖታውን ጥቅል ዘረጋው። «ይሄስ?»

ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ አየሁት፤ እንድነካው አልፈቀደም። የእኔ መክፈቻ ነው። ስብሐቱ የእኔ ነው። በግዐ እግዚአብሔሩ ውስጥ የመንደራችን ዘበኛ በሌሊት ሰዓት ሲጠራ የሚላት ዜማ ሳትቀር አለች። ከላዩ ላይ ግን «በሙዚቃ አለቃ ሃይመራን የተደረሰ» ይላል!

«ቪየና የተቀመጠ ትልቅ ሰው የኛን ዘበኛ ከየት ሰምቶት?» አልኩት።

«ምናልባት እርስዎ ለዘበኛው ከሃይመራን አስተምረውት ይሆናል» አለኝ። እንዲህ አለኝ፣ ኦንድሬይ! ያ ዘበኛ ከነአባቱ ያቺን ዜማ ሲል ሃይመራን ገና የሽንት ጨርቅ ታጥቆ ነበር!

ሌባ ነው የተባልኩት። ከልደት በፊት በመዘምራኑ ፊት «የሃይመራን ነው» ብዬ ካላመንኩ ለትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሊጽፍብኝ ነው። ተቆጣጣሪው ደግሞ ሌባ መምህር አያኖርም፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ከትምህርት ቤቱ ቤት እወጣለሁ። ሥራዬም ጣሪያዬም እዚያ እንደሆነ ታውቃለህ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ ቅዳሴውን ወስደህ «አሳየሁት፤ የመንደር ሥራ ነው፣ የበረት ሽታ አለው አሉ» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። አምኜህ ብዕሬን ሰቀልኩ። ከዚያ ወዲህ አንዲት መስመር አልደረስኩም፤ የበረት ሽታ ለማን ይጠቅማል ብዬ። አሁን ነው የገባኝ፤ ካሳየሃቸው መካከል አንዱ ውሻ ደብቆ ገልብጦታል። ለማን ነበር ያሳየኸው? ስሙን ጻፍልኝ። ሌላ አልጠይቅህም።

ጤና ያክርምልን። ያጎትህ ልጅ፣
ፕሮኮፕ

*

ቪየና፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1786

ለዘለዓለም ይመስገን፣ አሜን።

ለማከብርዎ ለጋሼ ፕሮኮፕ። ደብዳቤዎ በደህና ደርሶኛል፤ መልሴ መዘግየቱን ይቅር ይበሉኝ፤ የጾሙ ወራት ለገልባጭ የሥራ ወራት ነውና ጣቶቼ ከቀለም አልጸዱም። ለእትዬ ሉድሚላ ስለ ሻማው ከእግሬ ዝቅ ብዬ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ሴት ልጄ ሮዛሊያ ደህና ነች፤ ባሏ ደግ ሰው ነው።

የጻፉልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነገሩ በደል ነው። ነገር ግን፣ ጋሼ፣ እዚህ ከተማ ኖታ ከእጅ ወደ እጅ እንደ ሳንቲም ይዞራል፤ ማን ከማን እንደወሰደ መለየት ይከብዳል። ሃይመራን ትልቅ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ዘንድ መግባት ቀላል አይደለም። ለተቆጣጣሪው ቶሎ ብለው እርስዎ ራስዎ ባይጽፉ ይሻላል፤ ወረቀት ወረቀትን ይወልዳል። ልደት ይለፍ። ቄሱ ወጣት ነው፤ ይበርድለታል።

ለቫዮሊንዎ የሚሆን ጥሩ የአንጀት ክር አብሬ ልኬያለሁ። አምላክ በጤና ያቆይልን።

ታናሽዎ
ኦንድሬይ

(ከግልባጩ ግርጌ፦ ይህን ደብዳቤ ከላክሁ በኋላ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር መረመርኩት። አንድም ሐሰት የለበትም። ሁሉም እውነት ነው፤ ደብዳቤው ግን ሐሰት ነው። በማግስቱ ለቅዳሴ ገብቼ «በደሌ ነው» ብለን ደረታችንን ስንመታ እጄ አልታዘዝልኝ አለ።)

*

ሊፖቬትስ፣ ከልደት በሦስተኛው ቀን፣ 1786

ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን፤ የተወለደው ሕፃን ቤትህን ይባርክ።

ክርህ ደርሶኛል። ጥያቄዬ ግን አልደረሰህም መሰለኝ። ለማን እንዳሳየኸው ነበር የጠየቅሁህ። ስለ ሳንቲም አልጠየቅሁህም።

እዚህ የሆነውን ስማ። አባ ታዴያስ የሃይመራንን ግልባጭ ለመዘምራኑ አከፋፍሎ ልምምዱን ራሱ ሊያዳምጥ ሰገነት ላይ ወጣ። ለእኔ ግን ወረቀት አልሰጠኝም፤ «እርስዎ በቃልዎ ያውቁታል» አለ እየሳቀ። ስብሐቱ መካከል ደረስን። ሁለተኛው መለከት፣ የወፍጮ ቤቱ ቮይቴክ፣ እንደ ልማዱ አቆመና ተነፈሰ።

«ይቁም! ለምንድነው የሚያቆሙት?» አለ ቄሱ።

«እዚህ ጋ ሁሌም እተነፍሳለሁ፣ አባ።»

«ለምን?»

«መምህር ሲጽፉት ለኔ ከአራቱ አንድ ምት ረስተዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ‹አርምልሃለሁ› ይሉኛል፤ እኔም እስኪታረም ተንፍሼ እጠብቃቸዋለሁ።»

ቄሱ ሮጦ የቮይቴክን ወረቀት ነጠቀ። በቪየናው ግልባጭም ያቺ ምት የለችም! ኦንድሬይ፣ ከደስታ ብዛት አጨበጨብኩ።

«አየህልኝ አባ!» አልኩት። «ሰው ወርቅ ይሰርቃል፤ ስሕተት ማን ይሰርቃል? ያቺ ስሕተት የኔ ልጅ ናት!»

ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰው ሲገለብጥ ስሕተቱንም አብሮ ይገለብጣል። እርስዎ ነዎት ከሃይመራን የገለበጡት።»

ቮይቴክ መለከቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ቆይ አባ፣ ታላቁ ሃይመራን እስከ አራት መቁጠር አይችልም ማለትዎ ነው?» ሰገነቱ በሳቅ ሊፈርስ! ባሱን የሚጫወተው የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ከወንበሩ ሊወድቅ ትንሽ ቀረው። ቄሱ እንደ ቀይ ሥር ቀላ። ያኔ ነው ነገሩ የከረረው። የተሳቀበት ሰው ይቅር አይልም።

በልደት ዕለት ከመሠዊያው ዞሮ «ዛሬ የታላቁን የሃይመራንን ቅዳሴ እንሰማለን» ብሎ አወጀ። እኔም እንደ ቅጥረኛ የገዛ ልጄን በሌላ ሰው ስም ክርስትና አስነሳሁ። ምን ላድርግ፣ ሕዝቡን ያለ ልደት ቅዳሴ ላስቀረው? ሉድሚላ ግን ቤት ቀረች። «ባሌን በሌላ ሰው ስም ልሰማ አልሄድም፤ ኢየሱስ ምክንያቴን ያውቃል» አለች። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን ልደት ስታጎድል የመጀመሪያዋ ነው። የበዓሉ ዓሣ ሳይነካ በረደ።

«የሃይመራን ነው» ብዬ በአፌ አላመንኩም። አላምንምም። ቄሱ ደብዳቤውን ጽፏል።

ስለዚህ አሁን የምለምንህ ሌላ ነው። ያሳየኸው ሰው ስም ከረሳህ ይቅር። ሃይመራን ዘንድ ሂድና ፊት ለፊት ጠይቀው። ሰው ከሆነ «የእኔ አይደለም» ብሎ ሁለት መስመር ይጽፋል። ሁለት መስመር ብቻ! ለተቆጣጣሪው እሷ ትበቃኛለች።

ፕሮኮፕ

*

ቪየና፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1787

ለዘለዓለም ይመስገን።

ለማከብርዎ ለጋሼ ፕሮኮፕ። ለእርስዎና ለእትዬ ሉድሚላ አዲሱ ዓመት ካለፈው የተሻለ ይሁንላችሁ፤ ያለፈው ራሱ አፍሮ ይሸሽ።

ሄጃለሁ። ሦስት ጊዜ ተመልሼ በአራተኛው አገኘኋቸው። የተገናኘነው በልዑሉ ቤተ መንግሥት የአሽከሮች መጠበቂያ ክፍል ነው። ጋሼ፣ እንደ ጌታ ተቀምጠው የማገኛቸው መስሎኝ ነበር። እንደ በረኛውና እንደ ምግብ አሳላፊው ሰማያዊ የአሽከር ልብስ ለብሰው፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ሰው ሠራሽ ጸጉር ደፍተው፣ የዕለቱን ትእዛዝ ለመቀበል ተራ ይጠብቃሉ። አርጅተዋል።

«በስምዎ የሚሸጥ የልደት ቅዳሴ አለ፤ የእርስዎ አይደለም» አልኳቸው።

«የትኛው?» አሉኝ።

«የትኛው ማለት?»

«ልጄ፣ እኔ የደረስኩት ቅዳሴ አሥራ ሁለት ነው። በስሜ የሚሸጠው አርባ አልፏል። መጥፎ ሲሆን የእኔ አይደለም እላለሁ። ጥሩ ሲሆን ዝም እላለሁ።»

«የዘበኛ ዜማ ያለበትስ?»

በጣታቸው የልብሳቸውን የናስ ቁልፍ እየመቱ ያቺን ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንጎራጎሯት። አንዲት አልሳቱም። «እሱ ጥሩ ነው» አሉ። «አሥራ ሰባት ዓመት ዝም ብያለሁ።»

ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ አንቱ ማለት አቃተኝ።

«የደረሰው ሰው እኮ በሕይወት አለ! ከሥራው ሊባረር ነው! አንተ ሁለት መስመር ብትጽፍ ይድናል!» ብዬ ጮህኩበት። በረኛው ዞሮ አየኝ።

«ቀስ በል፤ እዚህ ቤት አይጮህም። ልዑሉ በዚያ ቅዳሴ የተነሣ የወርቅ ሰዓት ሸልሞኛል። የእኔ አይደለም ብል ሰዓቱን ብቻ የሚቀማኝ ይመስልሃል? በዚህ ዕድሜዬ ማን ያጎርሰኛል?»

«የሰው ስም እየበላህ ነው እስካሁን የኖርከው!»

«እኔ የሰጡኝን በላሁ» አለ። ከዚያ ተራው ደረሰና ገባ። አንዲት መስመር አልጻፈም።

እንዲህ ያለ ሰው ነው ቪየና ኮፍያዋን የምታነሳለት። ሌሊቱን በቁጣ አልተኛሁም። እግዚአብሔር ይፍረድበት።

ታናሽዎ
ኦንድሬይ

(ከግልባጩ ግርጌ፦ ከደብዳቤው ያስቀረሁት አንድ ነገር አለ። ሃይመራን ሊገባ ሲል ዞር ብሎ «ለመሆኑ ስሙን የለወጠው ማነው? እኔ ብዕር አላነሳሁም። እሱን ፈልገህ እሱ ላይ ጩህ» አለኝ። ጣቶቼ ላይ ያለውን ቀለም እያየ ነበር። ያ ሁሉ ጩኸቴ፣ ያ ሁሉ «እግዚአብሔር ይፍረድበት»፣ በማን ላይ እንደነበር እኔው አውቃለሁ። በሌላው ላይ መቆጣት እንዲህ ይጣፍጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ጮኼ ስወጣ ንጹሕ የሆንኩ መሰለኝ። ድልድዩ ጋ ሳልደርስ ለቀቀኝ።)

*

ሊፖቬትስ፣ ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ 1787

ለኦንድሬይ ማሬሽ።

ክሩን በዚህ ደብዳቤ መልሼልሃለሁ። አልነካሁትም።

ተቆጣጣሪው ከፋሲካ ሳምንት በኋላ ይመጣል። ተከሳሽ ማስረጃውን ማየት ይገባዋል ብሎ ለቄሱ ስለጻፈለት፣ አባ ታዴያስ ግልባጩን ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ላይ አኖረው። ዕቃ ቤት ውስጥ በመስኮቱ ብርሃን ገጽ በገጽ ገለጥኩት። ያማረ ጽሕፈት ነው። የጻፈው ሰው በሚገባ ተምሯል።

የዕረፍቷን ምልክት፣ ዜማው የሚቆምባትን፣ ወደ ኋላ እንደተጣለ መንጠቆ ያደርጋታል። እዚህ መንደር አንድን ልጅ ለዚያች መንጠቆ ሁለት ክረምት ሙሉ ጣቱን በማስመሪያ መትቼዋለሁ። አልተወም። በኋላ ተውኩት፤ እንዲሁ ይጻፋት፣ ዕድሜ ያስተካክለዋል ብዬ።

አባ ታዴያስ «ጽሕፈቱን ያውቁታል?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው። ለምን እንደዋሸሁ ሉድሚላ ሦስት ቀን ጠየቀችኝ። ምናልባት አባቴ ያቺን እህቱን፣ እናትህን፣ ሲቀብር «ልጇን አደራ» ብሎኝ ስለነበረ ይሆናል። እኔ አደራውን አልበላሁም።

የበረት ሽታ ያልከኝን አስቤያለሁ። እሱን ማን እንዳለ አሁን አልጠይቅም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ይህን ሁሉ ዓመት መስከረም በመጣ ቁጥር ዜማ ይመጣብኛል፤ ማታ ስበላ፣ ልጆቹን ሳስቆጥር። እኔም «ሂድ፣ አንተ በረት ትሸታለህ» ብዬ አባርረዋለሁ። አሥራ ሰባት መስከረም አባረርኩ። ስሙ ይቅር፣ ሃይመራን ይልበሰው። እነዚያን ግን ማን ይመልስልኛል?

መልስ አትጻፍልኝ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ በኋላ አድራሻችን የት እንደሚሆን አናውቅም።

ፕ. ቤራን

*

ቪየና፣ ረቡዕ፣ ማርች 14 ቀን 1787

ለአጎቴ ልጅ፣ ለመምህሬ፣ ለጋሼ ፕሮኮፕ ቤራን።

መልስ አትጻፍ ብለውኛል፤ እምቢ ብያለሁ። ሰላምታ አልጻፍኩም፤ ሰላም የማለት መብት እንደሌለኝ አውቃለሁ።

ለማንም አላሳየሁትም። የበረት ሽታ ያለው ማንም የለም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ቅዳሴዎ ሃይመራን ተብሎ እየተሸጠ ስለነበረ፣ ሌላ ጽፈው እንዳይልኩልኝና እንዳይገለጥብኝ ብዬ ነው ያልኩት። አንድ ቀን ሳላስብ አመለጠኝ ብል ቀላል ነበር፤ ግን አስቤ፣ ቃሉን መርጬ ነው የጻፍኩት። ባርቦራ ታውቅ ነበር። «ለጋሼ ጻፍላቸው» እያለችኝ ሞተች።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ወደ ካፑቺን መነኮሳቱ ሄድኩ። አሮጌ መነኩሴ ናቸው፣ ጆሮአቸው ከብዷል፤ ስለዚህ ኃጢአቴን በግማሽ ጩኸት ነገርኳቸው። ውጭ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ሰሙ። ይስሙ።

«ገንዘብ የሰረቀ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

«ይመልሳል፣ አባ።»

«ስም የሰረቀስ?»

በቀለም የጠቆሩ ጣቶቼን አየሁ።

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ታደርጋለህ? ስም የሚመለሰው ስም በተሰረቀበት አደባባይ ነው። ሳትመልስ ሥርየት የለህም። ሂድ!» ብለው የኑዛዜዋን መስኮት ዘጉብኝ። ተቆጥተው ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቁጣ የጠቀመኝ ነገር የለም።

ከዚያ ግሩብማየር ሱቅ ሄድኩ። የማስበውን ነገርኩት።

«አብደሃል?» አለኝ። «ለአንድ የገጠር መምህር ብለህ?»

«መምህሩ ደራሲው ነው።»

«ይሁን ደራሲው! እኔ የለሁበትም፤ ብዕሩን የያዝከው አንተ ነህ። ደግሞስ ያ መደርደሪያ ያንተ ቅዳሴ ብቻ ያለበት ይመስልሃል? ግማሹ እንዲሁ ነው! አንተ አፍህን ብትከፍት ነገ ሁሉም ገዢ መጥቶ ‹ይሄስ የማን ነው? ያስ የማን ነው?› ይለኛል!»

«ይበልሃ! ይጠይቁህ! ለመሆኑ የነማን ናቸው? የየትኛው መንደር መምህር ነው በረት ትሸታለህ ተብሎ ብዕሩን የሰቀለው?»

እጁን ጠረጴዛው ላይ መታ። «ከዚህ ደጅ ከወጣህ በዚህ ከተማ አንዲት ሉክ የሚሰጥህ አታገኝም።»

ማስመሪያዬን፣ ቢላዋዬን፣ ሁለት ብዕሬን ሰብስቤ ወጣሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ ነው። ሮዛሊያ ጋ አንዲት ክፍል አለች፤ ባሏ «ይምጡ አባባ» ብሏል፤ የሠራሁትን ከነገርኩት በኋላም ቃሉን አላጠፈም። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም። እኔ ቤት አላጣሁም፤ ሊያጡ የቀረቡት እርስዎ ነዎት።

ከሱቁ በቀጥታ የከተማው ዳኛ ጸሐፊ ዘንድ ገብቼ ማልኩ። ቃሌ በማኅተም ታትሞ አንዱ ለተቆጣጣሪው፣ አንዱ ለአባ ታዴያስ በዛሬው ፖስታ ሄዷል። ሦስተኛው እዚህ ውስጥ ነው። አባ ታዴያስ ከመሠዊያው ዞሮ እንዳወጀው ሁሉ ዞሮ ያንብበው፤ ይህን በወረቀቱ ላይ ጠይቄዋለሁ። እምቢ ካለ ራሴ መጥቼ ከደጁ ቆሜ አነበዋለሁ።

መስከረሞቹን ግን ልመልስልዎ አልችልም። በጸሎትም በገንዘብም በምንም። ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልጽፍም፤ ይህን ጽፌ ብልክ ደግሞ እኔን ይቅር የማለት ሌላ ሥራ መስጠቴ ነው፤ እርስዎ ደክመዋል።

ከዳኛው ጸሐፊ ስወጣ መነኩሴው ያሉኝ አደባባይ ጋዜጣ ቤቱ እንደሆነ አውቄ ነበር፤ ግሩብማየር በየሳምንቱ «የሃይመራን አዲስ ቅዳሴ በእጅ የተገለበጠ» እያለ የሚያስነግርበት። መስኮቱ ጋ ያለው ጸሐፊ ወረቀቴን ተቀብሎ፣ ከኋላዬ ሰልፍ የያዙት እንዲሰሙ ይመስል፣ ጮክ ብሎ አነበበው፦

«በሙዚቃ አለቃ ሃይመራን ስም የሚሸጠው፣ የሌሊት ዘበኛ ዜማ ያለበት የልደት ቅዳሴ የእሳቸው ሥራ አይደለም። የደረሱት በቦሔምያ የሊፖቬትስ አስተማሪና የመዘምራን መሪ ፕሮኮፕ ቤራን ናቸው፣ በ1766። የደራሲውን ስም አውጥቼ ሌላ ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደራሲውን ሥራቸው እንደማይረባ የዋሸኋቸውም እኔ ነኝ። ግልባጩን የገዛ ሁሉ የፊት ገጹን ያርም።»

«እህህ» አለ ጸሐፊው። ከኋላዬ አንዱ አፏጨ፤ አንዲት ሴት «አቤት ድፍረት!» አለች። ድፍረቱ የቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ የሰረቅሁት ይሁን የተናገርኩት።

«ስንት ጊዜ ይውጣ?»

«ቢበዛ ስንት ጊዜ ይወጣል?»

«እስከ ፋሲካ አምስት ጊዜ።»

«አምስት ጊዜ።»

«ከታች ስምዎ የለም» አለና ወረቀቱን መለሰልኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእኔ አዝኖ፣ «እንዲህ ያለውን ሰው በመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው የሚፈርመው፤ ኦ ነጥብ ማ ነጥብ ይበቃል» አለኝ።

ብዕሩን ከእጁ ተቀበልኩ። ኦንድሬይ ማሬሽ፣ የሊፖቬትስ ተወላጅ፣ በቪየና ኖታ ገልባጭ የነበረ ብዬ ሙሉውን ጻፍኩ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ቆሜ ጠበቅሁና በመስኮቱ አሳልፌ ሰጠሁት።